ጉናን ያላየው ካሜራ

በ1967 ዓ.ም. ዘመን መለወጫ ዕለት ማታ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አንድ ፊልም አሳየ። ፊልሙ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ከዓመት በፊት ወሎ ላይ ያነሣው፣ የተደበቀውን ረሃብ ለዓለም ያጋለጠው ዘገባ ነው። ወታደራዊው ደርግ ግን እንዳለ አላቀረበውም። በረሃብ በሚያጣጥሩት ሕፃናት ምስል መሃል የቤተ መንግሥቱን ግብርና ድግስ እየሰካ አሳየው። ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ቁጭ ብለው እንዲያዩት ተነገራቸው። በማግስቱ፣ መስከረም 2 ቀን ጠዋት፣ ከሥልጣን የመውረዳቸው ትእዛዝ ተነበበላቸውና በቮልስዋገን ተጭነው ወጡ። ወታደሮቹ አገሪቱን ከመረከባቸው በፊት፣ ሕዝቡ ያለፈውን ዘመን በምን መልኩ እንደሚያስታውሰው በአንድ ፊልም ወስነው ጨርሰው ነበር።

በጎንደሩ ደጋ፣ በደብረ ታቦር፣ ያን ፊልም ማን ያየዋል? የቴሌቪዥን ሥርጭቱ ያኔ ከአዲስ አበባና ከአካባቢዋ ብዙም አይርቅም። የፋርጣና የእስቴ ሰው የንጉሡን መውረድ የሰማው ራዲዮ ካላቸው ነጋዴዎች፣ ከአስተማሪዎችና ከገበያ ተመላሾች ነው። ከወሎ ጋር ድንበር የሚጋራው የላይ ጋይንት ገበሬ ደግሞ ረሃቡን ለማወቅ ፊልም አላስፈለገውም። ድርቁ የክፍለ ሀገር ድንበር አያውቅምና። አዲስ አበባ ያየችውን ደጋው ሰማ፤ ደጋው የኖረውን ደግሞ አዲስ አበባ አላየችም። ይህ ክፍተት በዚያ ማታ የተጀመረ አይደለም፤ ሆኖም የደርግን ዘመን በፊልም ያስታወስንበት መንገድ እስከ ዛሬ ድረስ የተቀረጸው በእሱ ነው ብዬ አምናለሁ።

አብዮቱ በሚፋፋምበት በዚያው ሰሞን አንድ የጎንደር ልጅ ከአሜሪካ ካሜራ ይዞ መጥቶ ነበር። ኃይሌ ገሪማ ይባላል፤ ጎንደር ከተማ በ1938 ዓ.ም. የተወለደ፣ የጸሐፌ ተውኔቱና የታሪክ ጸሐፊው የገሪማ ታፈረ ልጅ ነው። አባቱ «ጎንደሬ በጋሻው» በተሰኘው መጽሐፋቸው የአርበኞቹን ተጋድሎ የመዘገቡ ሰው ናቸው። ልጁ ግን ያደገው በጎንደር ሲኒማ ቤት የባዕድ ፊልም እየተመለከተ ነበር። ታርዛንን ሲያዩ እሱና ጓደኞቹ የሚደግፉት ታርዛንን እንደነበር፣ አፍሪካውያኑ ከኋላው ሲመጡበት «ዞር በል!» እያሉ ይጮኹለት እንደነበር ኃይሌ ራሱ ደጋግሞ ተናግሯል። ፊልም የሰውን ልጅ የራሱን ወገን እስኪጠላ ድረስ ሊቀርጸው እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም።

በሎስ አንጀለስ ሲኒማ ያጠናው ኃይሌ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን በጥቁርና ነጭ ቀረጸ። ባለርስትና ጭሰኛ፣ በሬና ሞፈር፣ ርስቱን ተነጥቆ እንደ እብድ የሚቆጠር አንድ ሰው፤ ይኸው ነው የፊልሙ ዓለም። ገበሬው በራሱ ቋንቋ፣ በራሱ ዝግታ ሲናገር ይታያል። ፊልሙ ተጠናቆ ለዓለም በቀረበበት ጊዜ ግን የመሬት ለአራሹ ጥያቄ በአዋጅ ተመልሶ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት የመንግሥት ሆነ፤ ከዚያ በፊት በታኅሣሥ 60 ሺህ የሚደርሱ ተማሪዎችና መምህራን በእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ዘምተው ነበር። በሰሜኑ ርስት የዘር ጉዳይ በመሆኑ አዋጁ በደቡቡ የተቀበለውን ያህል እልልታ በጎንደርና በጎጃም ደጋ አልገጠመውም። ይህን የሚያሳይ ፊልም ማንም አልሠራም።

ሲኒማ ቤቶቹም በመንግሥት እጅ ገቡ። ሚያዝያ 9 ቀን 1969 የደርጉ መሪ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በአብዮት አደባባይ በቀይ ፈሳሽ የተሞሉ ጠርሙሶችን አንድ በአንድ ሲሰባብር የመንግሥት ካሜራዎች ይቀርጹ ነበር። ከዚያ ወዲህ፣ ደርግ ተቃዋሚዎቹን ስላስገደለበት ቀይ ሽብር የተሠራ ዘጋቢ ፊልም ይህን ምስል ሳያስገባ ያለፈው ጥቂቱ ነው። ይህን ልብ ማለት ያስፈልጋል፦ ምስሉን የቀረጸው ገዳዩ ራሱ ነው። የተገደሉት ልጆች አስከሬን መንገድ ላይ ተጥሎ ሲያድር፣ እናት በልጇ ሬሳ ላይ እንዳታለቅስ ስትከለከል፣ የቀረጸ ሰው አልነበረም። የቀረልን የአራጁ ንግግር እንጂ የታራጁ ፊት አይደለም።

ጎንደር ላይ ሽብሩ የአንድ ሰው ስም ተሸክሟል፦ የደርግ አስተዳዳሪው ሻለቃ መላኩ ተፈራ። የክፍለ ሀገሩ እናቶች ለእሱ የገጠሙት ልመና ከጎንደር አልፎ በመላ አገሪቱ ተሰምቷል፤ ዛሬም ብዙ ሰው በቃሉ ይይዘዋል። ደጋው ትዝታውን ያስቀመጠው በዚህ መንገድ ነው፤ በሙሾ፣ በአልቃሽ፣ በለቅሶ ቤት ግጥም። ሙሾ ሳንሱር አያግደውም። ችግሩ አልቃሿ ስትሞት አብሯት የሚቀበር መሆኑ ነው።

የደርግ ፊልም ሥራ በ1970 በባህል ሚኒስቴር ሥር በተቋቋመው የፊልም ማዕከል፣ ኋላም የኢትዮጵያ ፊልም ኮርፖሬሽን በተባለው ድርጅት በኩል ቀጠለ። በጀቱ ለዘጋቢ ፊልም፣ ዘጋቢ ፊልሙም ለሰልፍ፣ ለምርት ዘመቻና ለጉባኤ ነበር። ትልቁ ድግስ የመጣው በ1977 መባቻ ነው። የአብዮቱ 10ኛ ዓመትና የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ (ኢሠፓ) ምሥረታ ሲከበር አዲስ አበባ በሰሜን ኮሪያውያን እገዛ በመፈክርና በምስል ተሸፈነች፤ ቴሌቪዥኑም ለዚሁ በዓል በቀለም ማሰራጨት ጀመረ። አገሪቱ መጀመሪያ በቀለም ያየችው ነገር የመንግሥቱ ሰልፍ ነበር። ሰሜኑ በዚያ ሰዓት እየተራበ ነው። የዓለም አቀፍ እርዳታ ሠራተኞች ሲጮኹ ሰሚ አልነበረም። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ግን ሞሐመድ አሚን የቀረጸው፣ ማይክል በርክ ያነበበው የኮረም ዘገባ በቢቢሲ ተላለፈ። በረሃብ ፊልም ሥልጣኑን ያደላደለ መንግሥት፣ በ10 ዓመቱ በሌላ የረሃብ ፊልም በዓለም ፊት ተዋረደ።

ከደብረ ታቦር በላይ ባለው ደጋ ግን የዘመኑ መልክ ረሃብ ብቻ አልነበረም። ገበሬው ደርግን በ4 ነገር ያውቀዋል፦ በገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር፣ በእህል ኮታ፣ በመዋጮና በአፈሳ። ኮታው ማለት ገበሬው ካመረተው ላይ የተወሰነውን ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት መንግሥት በቆረጠው ርካሽ ዋጋ ማስረከብ አለበት ማለት ነው። ያልደረሰለት ከገበያ በውድ ገዝቶ ይሞላል። ገብስና ድንች የሚያበቅል የጉና ሥር ገበሬ ጤፍ ገዝቶ ኮታ ሲሞላ ማሰብ ለዛሬ ወጣት ይከብደዋል። አፈሳው ደግሞ በ1975 የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ከወጣ ወዲህ ሕጋዊ ልብስ ለበሰ። ለእያንዳንዱ ገበሬ ማኅበር የልጅ ቁጥር ይወሰንለታል። ልጆቹ ከገበያ፣ ከሠርግ ቤት፣ ከእርሻ ላይ ይታፈሳሉ። ጎረምሳ ያለው ቤት ሌሊት አይተኛም፤ ልጁ ዋሻና ገደል ያድራል። ስም ዝርዝሩን የሚጽፈው ጎረቤት ነው፤ የቂሙ ሥር እዚህ ላይ ነው።

በ1980 መባቻ አገሪቱ የኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ (ኢሕዲሪ) ስትባልና የአስተዳደር ካርታው ሲቀየር የጎንደር ክፍለ ሀገር ለሁለት ተከፈለ። ደቡብ ጎንደር የሚለው መጠሪያ ራሱ ከዚያ ዘመን የቀረ ነው።

ጦርነቱ በ1982 ወደዚህ ደጋ ደረሰ። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ የሚለው የጉና ተራራ ፎገራን፣ ጋይንትንና እስቴን ቁልቁል ያያል፤ ጉናን የያዘ መንገዱን ይይዛል። በደብረ ታቦርና በጉና ዙሪያ በመንግሥት ሠራዊትና በኢሕአዴግ ታጋዮች መካከል ብርቱ ውጊያ ተደረገ። በዚያው ዓመት የካቲት ላይ መንግሥቱ ቅይጥ ኢኮኖሚ አውጆ ኮታውን አነሣ፤ በየመንደሩም በጉልበት የተመሠረተው የአምራቾች ማኅበር በቀናት ውስጥ ፈረሰ። ጊዜው ግን አልፎ ነበር። በየካቲት 1983 ኢሕአዴግ ጎንደርንና ጎጃምን ያስለቀቀበትን ዘመቻ «ዘመቻ ቴዎድሮስ» ብሎ ጠራው። ደብረ ታቦር መናገሻቸው የነበረችውን ንጉሥ ስም ደርግም፣ ደርግን የጣለውም እኩል ይፈልጉት ነበር። መንግሥቱ ግንቦት 13 ቀን 1983 ሸሸ። የተበተነው ሠራዊት በባዶ እግሩ እየለመነ ወደየአገሩ ሲመለስ የደጋው እናቶች ጠላ ጠምቀው፣ ቆሎ ቆልተው መንገድ ላይ ቆሙ፤ ከሚያልፈው መሃል የራሳቸውን ልጅ የሚፈልጉም ነበሩ። በአንዳንዱ ቤት አንዱ ልጅ ከሠራዊቱ፣ ሌላው ከታጋዮቹ ጋር ወድቋል። ስለዚህ ጉዳይ ትልቅ ፊልም ሊሠራ ይገባ ነበር።

ከ1983 በኋላ ካሜራው ወደ መቃብር ዞረ። የጅምላ ጉድጓዶች ሲቆፈሩ፣ አጥንት በጆንያ ሲወጣ፣ ዘመዶች ከተቀደደ ሹራብ ልጃቸውን ሲለዩ በቴሌቪዥን ታየ። አጥንቱን ለመለየት የአርጀንቲና የፎረንሲክ ባለሙያዎች መጥተው አግዘዋል። እነዚህ ሰዎች የመጡበት አገር የራሱን ወታደራዊ መንግሥት በ1976 ዓ.ም. ከሥልጣን አሰናብቶ፣ 2 ዓመት ሳይሞላው «ይፋዊው ታሪክ» የተሰኘ የልብ ወለድ ፊልም አውጥቷል፤ የተሰወሩ እናቶችን ሕፃናት ለገዳዮች ቤተሰብ ስለ መስጠት የሚተርክ ነው፤ ኦስካርም አግኝቷል። ጀርመን ዘግይታለች፤ ሆኖም በ1971 ዓ.ም. አንድ የአሜሪካ ተከታታይ ድራማ ስለ አይሁድ እልቂት ሲታይ 20 ሚሊዮን ገደማ ምዕራብ ጀርመናውያን ተመለከቱት፤ በዚያው ዓመት ፓርላማቸው በግድያ ወንጀል ላይ የነበረውን የይርጋ ገደብ አነሣ። ተራ የቤተሰብ ድራማ ሕግ ሲያስለውጥ ማለት ነው።

እኛ ግን ልብ ወለዱን ዘለልነውና በፍርድ ቤት ጀመርን። ታኅሣሥ 4 ቀን 1987 የደርግ ባለሥልጣናት ችሎት ተከፈተ፤ ጥፋተኛ ናቸው የተባለው ታኅሣሥ 3 ቀን 1999፣ ልክ በ12 ዓመቱ ነው። መንግሥቱ በሌለበት ግንቦት 18 ቀን 2000 ሞት ተፈረደበት፤ እሱ ግን ሐራሬ ነው። ፍርዱ አስፈላጊ ነበር። ይሁንና የክስ ወረቀት ሰው አያስለቅስም፤ ምስክር ሲናገር የሚሰማው አዳራሹ ውስጥ ያለ ሰው ብቻ ነው። የኢሕአዴግ ቴሌቪዥን በበኩሉ ደርግ የወደቀበት ግንቦት 20 በመጣ ቁጥር የትግራይዋን የሐውዜንን የገበያ ጭፍጨፋ ደጋግሞ አሳየ። ሰኔ 15 ቀን 1980 በሐውዜን የሆነው እውነተኛ ግፍ ነው፤ መታየቱም ተገቢ ነው። ታጋዮቹ ካሜራ ስለነበራቸው ሐውዜን ታየች። ካሜራ ያልነበረበት ገበያ አልታየም።

በዚያ ዘመን ስለ ደርግ በቁም ነገር የተሠሩት ፊልሞች ከውጭ አገር ነዋሪዎች የመጡ ናቸው። ሳሌም መኩሪያ «የወንዝ ማዕበል» በተሰኘው ዘጋቢ ፊልሟ ወንድሟና የልብ ጓደኛዋ በተለያየ ድርጅት ተሰልፈው ሁለቱም እንዴት እንደጠፉ ተርካለች። ኃይሌ ገሪማ ከፖላንዳዊው ጸሐፊ ሪሻርድ ካፑሺንስኪ ጋር ወደ አገሩ ተመልሶ ቀይ ሽብር በሰው ልብ ውስጥ የተወውን ጠባሳ ተከታተለ። እነዚህ ፊልሞች በውጭ ዩኒቨርሲቲዎች ሲታዩ ኖሩ እንጂ ወደ አገር ቤት የሲኒማ ተመልካች አልደረሱም።

ሕዝቡ ትኬት ቆርጦ የሚያየው የአማርኛ ፊልም ያበበው በ1990ዎቹ ነው። ቪዲዮ ካሜራ ዋጋው ሲቀንስ ፊልም መሥራት ለግለሰብ ተቻለ፤ በክፍለ ሀገር ከተሞችም ቪዲዮ ቤቶች ተከፈቱ። ቴዎድሮስ ተሾመ «ቀዝቃዛ ወላፈን»ን ካወጣ ከጥቂት ዓመት በኋላ በ1998 «ቀይ ስህተት»ን አቀረበ፤ በቀይ ሽብር ዘመን ላይ የተሠራ፣ ለሰፊው ተመልካች የታሰበ ፊልም ነው። ሲኒማ ቤቱንም ሴባስቶፖል ብሎ ሰየመው። ከደብረ ታቦር አቅራቢያ ባለችው ጋፋት በ1859 ዓ.ም. የተሠራውና በሺህ ሰዎች ጉልበት እስከ መቅደላ የተጎተተው የአፄ ቴዎድሮስ መድፍ ስም አዲስ አበባ ውስጥ የሲኒማ በር ላይ ተጻፈ። እንግዲህ የዚህ ደጋ ስም ሲኒማው ደጃፍ ድረስ ገብቷል፤ ታሪኩ ግን ወደ ስክሪኑ አልገባም።

ምክንያቱ ክፋት አይደለም። የአማርኛ ፊልም የሚሠራው አዲስ አበባ ነው፤ ተዋናዩም፣ ገንዘቡም፣ ሲኒማ ቤቱም እዚያ ነው። ያለፈን ዘመን ማሳየት ልብስ፣ መኪናና ጠመንጃ ይፈልጋል፤ ወደ ገጠር ሲወጡ ወጪው ይበዛል። ስለዚህ ደርግን የሚያሳየው ፊልም ሁልጊዜ አንድ መልክ ይይዛል፦ አፍሮ ያበጠረ ተማሪ፣ በራሪ ወረቀት፣ የቀበሌ ካድሬ፣ ሌሊት የሚንኳኳ በር፣ በፍቅረኛሞች መካከል የገባ ፖለቲካ። «የነገን አልወልድም»ን የመሰሉ ኋላ የመጡ ፊልሞችም ወደዚያው ዘመን ተመልሰዋል። እነዚህን አልነቅፍም፤ የከተማው ልጅ ደም የውሸት ደም አይደለምና። ነገር ግን ከዚያ በኋላ የተወለደ ትውልድ ደርግ ማለት የ1969 እና የ1970 አዲስ አበባ ብቻ እየመሰለው አድጓል። የቀሩት ዓመታትና አብዛኛው ሕዝብ የኖረበት ገጠር ከትዝታው ወጥተዋል።

ከዚህ የሚለየው አንድ ፊልም ነው። «ጤዛ»ን ለመሥራት ኃይሌ ገሪማ ገንዘብ ሲያፈላልግ ከ10 ዓመት በላይ ፈጀ። ፊልሙ በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በቬኒስ ልዩ የዳኞች ሽልማትና የምርጥ ድርሰት ሽልማት፣ በ2001 ደግሞ በዋጋዱጉ የፌስፓኮን ታላቁን የየኔንጋ የወርቅ ፈረስ ወሰደ። ዋናው ገጸ ባሕሪ አንበርብር ጀርመን አገር ሕክምና ያጠና ሰው ነው። ለአብዮቱ ሊሠራ ተመለሰ፤ ጓደኛው ተስፋዬ ዓይኑ እያየ ተገደለ፤ እሱም በምሥራቅ ጀርመን በዘረኞች ተጠቅቶ እግሩን አጣ። በ1982 ዓ.ም. በጣና ዳርቻ ወዳለችው የእናቱ መንደር ሲገባ አእምሮው የተሰባበረ ነው፤ እናቱ በጸበልና በጸሎት ልታድነው ትደክማለች። መንደሩ ግን የራሱ ሰቆቃ አለው። ወጣቶቹ ከአፈሳ ሸሽተው ዋሻ ውስጥ ተደብቀዋል፤ የሚዋጉት ወገኖች ሁሉ ልጆቹን ይፈልጓቸዋል። ከተራራው ላይ ጣሊያን ያቆመው ሐውልት ይታያል፤ የአንበርብር አባት የሞተው በጣሊያን ጊዜ ነው።

የ«ጤዛ» ትልቅነት ሽልማቱ አይደለም። ከ1982 የጣና ገበሬ ጎን የ1960ዎቹን ምሁር አቁሞ፣ ሁለቱ አንድ ታሪክ እንደሆኑ በማሳየቱ ነው። ምሁሩ አውሮፓ ውስጥ ስለ ጭሰኛው ሲከራከር ያደረ ነው፤ የዚያ ክርክር ዋጋ ግን ዋሻው ውስጥ ተደብቆ በሚያድረው የጭሰኛው የልጅ ልጅ ላይ ወደቀ። ይህን ከተማ ላይ ብቻ የቆመ ፊልም ሊያሳየው አይችልም። እኔ ፊልሙን ረጅም ነው፣ ጊዜን ያምታታል የሚሉትን ሰምቻለሁ። የተሰበረ ሰው ትዝታ በተራ እንደማይመጣ ለሚያውቅ ግን ምንም አይምታታም።

ከ«ጤዛ» በኋላ በዚያ መንገድ የሄደ ጥቂት ነው። በ2012 የወጣው የታማራ ማርያም ዳዊት «ሳሊን ፍለጋ» ደርግን በተቃወመው ኢሕአፓ ውስጥ ገብታ የጠፋችን የአንድ ቤተሰብ ልጅ ተከትሏል፤ ግሩም ሥራ ነው፤ ግን እሱም የተማረ ቤተሰብ ታሪክ ነው። በሌላ በኩል የደርግ ሹማምንት መጻሕፍት ወጡ፤ የመንግሥቱ «ትግላችን»፣ የፍቅረ ሥላሴ ወግደረስ «እኛና አብዮቱ» በብዛት ተነበቡ። በስልክ ላይ ደግሞ የመንግሥቱ ንግግር ተቆራርጦ ከነጭብጨባው ይዞራል፤ ሰልፉ፣ የኪነት ቡድኑ፣ የሠራዊቱ ግስጋሴ። ያንን ዘመን ያላየ ወጣት «አገር የነበረን ያኔ ነው» ሲል እሰማለሁ። አልፈርድበትም፤ ያየው ፊልም ይኸው ነው። አፈሳውን የቀረጸ የለም፤ ሰልፉን የቀረጸ ግን መንግሥት ነበር። አንድ አምባገነን መንግሥት ሲወድቅ የራሱን መልካም ምስል ብቻ በማኅደር ትቶ ከሄደ፣ ከልጅ ልጅ ጋር በሚደረገው ክርክር አሁንም ይረታል።

ደጋው ከዚያ ወዲህ ሌላ መከራም አይቷል። በነሐሴ 2013 ደብረ ታቦር በከባድ መሣሪያ ተመታች፤ በጉና ሥር ዳግም ውጊያ ሆነ፤ ከ2015 ክረምት ጀምሮም የአማራ ክልል ሰላም አላገኘም። አዲሱ ሐዘን አሮጌውን ይሸፍነዋል። በአዋጁ ዓመት 18 ዓመት የነበረው የታፈሰ ልጅ ዛሬ 60 ዓመት አልፎታል፤ ልጇን ስትሸሽግ ያደረችው እናት በሕይወት ካለች 80 ተሻግራለች።

ስለዚህ ፊልም የምትሠሩ ወገኖቼ፣ የሚቀጥለውን የደርግ ድርሰታችሁን ስትጽፉ አንዱን ትዕይንት ከአራት ኪሎ አውጥታችሁ ጋይንት ላይ አድርጉት። ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲም የታሪክና የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎቹን ለመመረቂያ ጽሑፍ ወደየወረዳቸው ሲልክ ካሜራ ይስጣቸው። አንተም አንባቢዬ፣ አያትህ በሕይወት ካሉ ስልክህን ከፊታቸው አስቀምጥና ጠይቃቸው፦ ከየት ታፈሱ? ስማቸውን ማን ጻፈው? ስንት ኩንታል ኮታ ተጣለባቸው? ከእሳቸው ጋር የሄደው ማን ሳይመለስ ቀረ? የሚሉህን ሳትቆርጥ ቅረጽና ቅጂውን ለቤተ መጻሕፍት ስጥ።